ገጹ ሳይነቃነቅ የሚላክ ቅጽ፤ የፒያሳ ነጋዴ ሁለት ጊዜ እንዳይከፍል

ታኅሣሥ ሲገባደድ የነጋዴ ልብ አያርፍም። የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደስበት ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን በመሆኑ፣ «ነገ አደርሳለሁ» እያለ የከረመው ሁሉ በመጨረሻዎቹ ቀናት ይጋፋል። ድሮ ግፊያው በክፍለ ከተማው መተላለፊያ ላይ ነበር። አሁን ግን እድሳቱ በኢንተርኔት ስለሚካሄድ ግፊያው ወደ ሽቦው ገብቷል፤ ሰልፈኛው አይታይም እንጂ ሰልፉ አለ።

እንበል አንድ የፒያሳ ወርቅ ነጋዴ ሱቁን ከፍቶ፣ ሻዩን አጠገቡ አስቀምጦ፣ በስልኩ ላይ አንድ ቅጽ ይሞላል። ስሙን ከነአያቱ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን፣ የቤት ቁጥሩን፣ ስልኩን እያለ ሃያ የሚሆን ባዶ ቦታ ይሞላና በመጨረሻ «አስገባ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል። ገጹ ነጭ ይሆናል። ኔትወርኩ ያቃስታል። ነጋዴው ይጠብቃል፤ ትዕግሥቱ ያልቃል፤ ደግሞ ይጫናል። ሦስተኛም ይጫናል። ከብዙ ቆይታ በኋላ ገጹ ተመልሶ ሲመጣ ያ ሁሉ የተሞላ ነገር የለም፤ ባዶ ቅጽ ፊቱ ተገትሯል። ለመሆኑ ማመልከቻው ገብቷል ወይስ አልገባም? ከገባስ አንድ ጊዜ ነው ወይስ ሦስት ጊዜ? ገንዘብ የሚከፈልበት ቅጽ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ከማመልከቻ አልፎ ኪስ ውስጥ ይገባል።

ይህን ጣጣ ለማቃለል የድረ ገጽ ሠሪዎች ከሃያ ዓመት በላይ የሚጠቀሙበት ዘዴ አለ። ገጹ ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ የተሞላውም ሳይጠፋ ቅጹ ከጀርባ ይላካል። ነገሩ የባለሙያዎች ወሬ ቢመስልም ገንዘብ አውጥቶ ድረ ገጽ ለሚያሠራ ነጋዴ፣ ስልኩን እንደ ቢሮ ለሚጠቀም ደላላም ሆነ ቤትና መሬት ለሚያሻሽጥ ድርጅት የሥራው ጉዳይ ነው።

በተለይ ለፒያሳ ሰው። የአራዳ ገበያ ጊዮርጊስ አጠገብ በነበረበት ዘመን ገዥና ሻጭ የሚገናኘው በእግር ነበር። ጣልያን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ ካዛወረውም በኋላ ፒያሳ በወርቅ ቤቱ፣ በሲኒማው፣ በካፌው ሰው እየሳበ ኖሯል። ዶሮ ማነቂያ ደግሞ የዚያ ሰፈር ጓዳ ነበር። በጠባብ መተላለፊያው ውስጥ ማን ቤት እንደሚያከራይ፣ የትኛው ሱቅ ቁልፍ እንደሚለቅ፣ ማን ምን እንደሚሸጥ በአፍ ይነገር ነበር፤ ማስታወቂያ የሚለጥፍ አልነበረም። ያ መንደር በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሲነሣ ነዋሪውም ነጋዴውም በየአቅጣጫው ተበተነ። ቦታው ሲሄድ ወሬውም አብሮ ሄደ። ደንበኛው ዛሬ የሚገኘው በስልክ ስለሆነ፣ በስልኩ ላይ ያለችው ያቺ «ስምና ስልክ ቁጥርዎን ይሙሉ» የምትል ቅጽ ለብዙ ሰው የሱቅ ደጃፍ ሆናለች። ደጃፉ ላይ የሚያደናቅፍ ነገር ካለ ደግሞ ገዥ አይጠብቅም፤ ወደሚቀጥለው ሱቅ ያልፋል።

ተላላኪው በየትኛው በር ይውጣ?

የአሮጌውንና የአዲሱን አሠራር ልዩነት ለማስረዳት የሱቅ ምሳሌ ይበቃል። ድሮ አንድ ቅጽ ሲላክ፣ ባለሱቁ ተላላኪውን ደብዳቤ አስይዞ ሲልክ መዝጊያውን ዘግቶ፣ መብራቱን አጥፍቶ፣ ዕቃውን ሁሉ አንሥቶ እንደሚጠብቀው ያለ ነው። ተላላኪው መልስ ይዞ ሲመጣ ሱቁ እንደ አዲስ ይደረደራል። ድረ ገጽም እንዲሁ ነው፤ «አስገባ» ሲባል ብራውዘሩ ያለውን ገጽ ጥሎ ከሰርቨሩ ሌላ ሙሉ ገጽ ይጠብቃል። ሥዕሉ፣ አርማው፣ ጽሑፉ ሁሉ ተመልሶ ይሰደራል። መልሱ «ስልክ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ይጎድለዋል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ቢሆንም ለዚያች መስመር ሲባል ሱቁ በሙሉ ይፈርሳል።

በአዲሱ አሠራር ተላላኪው በጓሮ በር ይወጣል። ገጹ ላይ የተቀመጠ ትንሽ የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ ብራውዘሩን «አንተ ባለህበት ቁም» ይለዋል፤ የተሞላውን ይሰበስባል፤ ለሰርቨሩ ይልካል፤ መልሱ ሲመጣም መለወጥ ያለበትን ቦታ ብቻ ይለውጣል። የጎደለችው አኃዝ ካለች ቀይ ምልክት የሚወጣው ስልክ ቁጥሩ አጠገብ ነው። የቀረው የተሞላ ነገር በቦታው ይቆያል። ሱቁ ክፍት ነው፣ ደንበኛውም አልተነሣም።

የዚህ ጓሮ በር ታሪክ አስገራሚ ነው። በሩን የከፈተው ማይክሮሶፍት ሲሆን ምክንያቱም የገዛ ራሱ ችግር ነበር። አውትሉክ የተባለውን የኢሜይል ፕሮግራም በድረ ገጽ ለማቅረብ የተሰማሩት ሠራተኞቹ፣ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ገጹ በሙሉ እንዳይመላለስ ሲሉ የሠሩት ዘዴ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1999 ከወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ጋር አብሮ ተለቀቀ። ለዓመታት ብዙ ሰው ልብ አላለውም ነበር። ጉግል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2004 ጂሜይልን፣ በየካቲት 2005 ደግሞ የካርታ አገልግሎቱን ይፋ ሲያደርግ ግን ዓለም ነቃ፤ ካርታው ሲጎተት ገጹ አይመላለስም! በዚያው ወር ጄሲ ጀምስ ጋሬት የተባለ አሜሪካዊ የድረ ገጽ ባለሙያ «ኤጃክስ» የሚል ስም አወጣለት። ስም ሲያገኝ ገበያ አገኘ። ከ2015 ወዲህ «ፌች» የሚባል ቀለል ያለ ምትክ በብራውዘሮቹ ውስጥ ገብቷል፤ ሥራው ግን ያው የተላላኪው ሥራ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። በስልክ መስመር እየጮኸ የሚገናኘውን ሞደም የሚያስታውስ፣ በኢንተርኔት ካፌ በደቂቃ ሂሳብ የከፈለ ሰው፣ ገጽ ተመልሶ እስኪመጣ መጠበቅ ምን ያህል ሳንቲም እንደሚበላ አይጠፋውም። ዛሬ ሂሳቡ በሜጋባይት ሆኗል እንጂ ገጽ በተመላለሰ ቁጥር ከፋዩ ያው ተጠቃሚው ነው።

እዚህ ላይ ለአማርኛ ጸሐፊ ብቻ የምትታይ አንዲት ነገር አለች። የእንግሊዝኛ ፊደል በኮምፒዩተሩ ዘንድ አንድ ባይት ሲይዝ፣ የእኛ ፊደል በተለመደው ዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል። ቅጹ በአሮጌው ነባር አላላክ ሲላክ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በሦስት ምልክት ይጻፋል። ስለዚህ «አበበ» የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ስም በመስመሩ ላይ 27 ምልክት ሆኖ ይጓዛል። ከጀርባ ሲላክ ሠሪው ሌላ የአላላክ ዓይነት ከመረጠ ወደ 9 ባይት ይወርዳል። እርግጥ ነው፣ ይህ ከአንድ ፎቶግራፍ ክብደት ጋር ሲወዳደር ኢምንት ነው፤ ዋናው ቁጠባ የሚገኘው ገጹ ከነሥዕሉ ባለመመላለሱ ነው። ቢሆንም ረጅም ማመልከቻ በአማርኛ የሚያስሞላ መሥሪያ ቤት ቢያውቀው አይጎዳም።

መልሱ መንገድ ላይ ሲጠፋ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፣ ኤምፔሳም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከተከተለ ወዲህ በስልክ መክፈል የፒያሳ ካፌዎችም ወግ ሆኗል። በድረ ገጽ የሚሸጡ ነጋዴዎችም ቅጻቸውን ከክፍያ ጋር ማገናኘት ጀምረዋል። ታዲያ ከጀርባ የሚላክ ቅጽ እዚህ ላይ ሊያድንም ሊያጠፋም ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተላላኪው ሄዶ አልተመለሰም። ምን ደረሰበት? ሲሄድ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል፤ ያኔ ገንዘቡ አልተከፈለም። ወይም ገንዘቡን አድርሶ፣ ደረሰኙን ተቀብሎ ሲመለስ ጠፍቶ ይሆናል፤ ያኔ ተከፍሏል። ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ለሚጠብቀው ሰው ሁለቱም አንድ ናቸው፤ የሚያየው ተላላኪው አለመምጣቱን ብቻ ነው። ሁለተኛ ተላላኪ ከላከ ሁለት ጊዜ ሊከፍል ነው፤ ካልላከ ደግሞ ጨርሶ ላይከፍል ነው።

ብዙ ድረ ገጽ ሠሪዎች ለዚህ የሚሰጡት መድኃኒት «አስገባ» የሚለውን ቁልፍ አንዴ ከተጫኑት በኋላ ማደብዘዝ ነው። ጥሩ ነው፤ ችኩል ጣትን ይገታል። ነገር ግን ኔትወርኩ ሲቋረጥና ሰውየው ገጹን ዘግቶ ሲከፍተው ቁልፉ ተመልሶ ይበራል። እውነተኛው መድኃኒት ያለው በሰርቨሩ በኩል ነው። ለእያንዳንዱ ቅጽ ገና ከመላኩ በፊት አንድ ልዩ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያው ቁጥር ሁለት ጊዜ ከመጣ ሰርቨሩ «ይህንን ተቀብያለሁ» ብሎ የፊተኛውን መልስ ይደግማል እንጂ ሁለተኛ ሂሳብ አይከፍትም። በሀገራችን በድረ ገጽ ክፍያ የሚያስተናግደው ቻፓም ነጋዴው ለእያንዳንዱ ክፍያ የማይደገም መለያ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ ክፍያው መፈጸሙንም በዚያው መለያ ጠይቆ ማረጋገጥ ይቻላል። ባለ ተራ ቁጥር ደረሰኝ የሚቆርጥ ነጋዴ ነገሩን ለመረዳት ኮምፒዩተር መማር አያስፈልገውም።

ሌላው ወጥመድ አረንጓዴዋ ምልክት ናት። በገዥው ስልክ ላይ «ተሳክቷል» የሚል ጽሑፍ መታየቱ ገንዘቡ በሻጩ ሂሳብ ገብቷል ማለት አይደለም። ያንን ጽሑፍ ያሳየው የገዥው ስልክ ነው፤ የገዥው ስልክ ደግሞ በገዥው እጅ ነው። በተቀናበረ የክፍያ ምስል ዕቃ አስረክቦ ያለቀሰ ነጋዴ በየገበያው አይጠፋም። በደንብ የተሠራ ድረ ገጽ ዕቃ የሚለቀው የክፍያ ድርጅቱ ሰርቨር ከነጋዴው ሰርቨር ጋር በቀጥታ ተነጋግሮ ሲያረጋግጥ ነው። ሱቅ ውስጥ ያለ ነጋዴም ቢሆን ያው ሕግ ይሠራለታል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የዝውውር ቁጥር «ኤፍቲ» ብሎ የሚጀምር ሲሆን፣ ቁጥሩን ከራሱ ሂሳብ ጋር ማመሳከር ምስል ከማየት ይበልጣል።

የሰርቨሩ መዝገብና የደንበኛው ስክሪን ሲለያዩ ምን እንደሚፈጠር ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በዚያው ባንክ ሲስተም ላይ በደረሰው ችግር ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣታቸውና ማዘዋወራቸው፣ ባንኩም ገንዘቡን ለማስመለስ የወራት ሥራ እንደገጠመው ይታወሳል። ያ የቅጽ ጉዳይ ባይሆንም በቁጥር የተጻፈ ገንዘብ መቼ እርግጥ እንደሚሆን ለከተማው ሁሉ አስተምሯል።

ከጀርባ መላክ የራሱ አመልም አለው፤ አለመሳካትን ይደብቃል። የድሮው ገጽ ሲወድቅ በግልጽ ይወድቅ ነበር፤ ብራውዘሩ ራሱ «መድረስ አልተቻለም» ብሎ ያረዳል። በአዲሱ አሠራር ግን ሠሪው የውድቀቱን ቃል በእጁ ካልጻፈ በስተቀር የምትሽከረከረዋ ቀለበት ስትሽከረከር ታድራለች። ደንበኛው ገብቶልኛል ብሎ ይሄዳል፤ ነጋዴው ጠያቂ ጠፋ ብሎ ያዝናል። በመሐል ጥያቄው የትም አልደረሰም። የቤት ኪራይ የሚያገናኝ ደላላ በሳምንት ስንት ደንበኛ በዚህ ቀለበት ውስጥ እንደቀረ ማን ይነግረዋል?

ይህን ለመፈተሽ ባለሙያ አያስፈልግም። ድረ ገጽ ያሠራ ሰው የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈሉ በፊት ቅጹን በራሱ ስልክ ይሙላ፤ ከዚያ ዳታውን ያጥፋና «አስገባ»ን ይጫን። ገጹ በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ «አልተላከም፣ የሞሉት አልጠፋም፣ እንደገና ይሞክሩ» ካለ ሠሪው ገንዘቡን ሠርቶበታል። ቀለበቷ ዝም ብላ ከዞረች ወይም ይባስ ብሎ «እናመሰግናለን» የሚል ከወጣ ሥራው አላለቀም። ዳታውን መልሶ አብርቶ ቁልፉን ደጋግሞ ይጫን፤ በመዝገቡ ላይ ስንት ማመልከቻ እንደገባም ይቁጠር። ጃቫስክሪፕቱ ባይጫንስ ቅጹ በአሮጌው መንገድ ይሄዳል ወይ ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ ጥንቁቅ ሠሪ አሮጌውን በር አያሽገውም።

ቅጹ በየትኛውም በር ይላክ፣ ጥያቄው ራሱ የሀገሩን ሰው የማያውቅ ከሆነ ግን ፍጥነቱ አያድነውም። የቤተሰብ ስም አምጡ የሚል ቅጽ የአባትን ስም ከአያት ጋር ያምታታል። በ09 የሚጀምር ስልክ ብቻ የሚቀበል ቅጽ በ07 የሚደውለውን የሳፋሪኮም ደንበኛ በር ላይ ይመልሳል። የልደት ቀን ሲጠይቅ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር መሆኑን የማይናገርማ ሰውየውን ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። ስማርት ስልክ ለሌለው ደግሞ ይህ ሁሉ ወሬ ነው፤ እሱ ዛሬም በ*889# ወይም በ*127# ነው የሚሠራው፤ እዚያም ቢሆን መሐል ላይ ሲቋረጥ ከመጀመሪያው መጀመር የታወቀ ነው።

ጓሮ በር ደግሞ ሌባም ያውቀዋል። ቅጽ ከጀርባ መላክ ከተቻለ «አስገባ» ሳይባልም መላክ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የአውሮፓ ተመራማሪዎች ብዙ ጎብኚ ያላቸውን 100,000 ድረ ገጾች ፈትሸው፣ ሰውየው ኢሜይሉን ጽፎ ገና ቁልፉን ሳይጫን አድራሻውን ለተከታታይ ድርጅቶች ሲያሳልፉ ያገኟቸው ከአውሮፓ ሲታዩ 1,844፣ ከአሜሪካ ሲታዩ ደግሞ 2,950 ነበሩ። ሐሳቡን ቀይሮ የተወው ሰው አድራሻው ሄዷል። የደንበኛ ስልክ ቁጥር ሀብቱ ለሆነ ደላላ ይህ ቀላል ወሬ አይደለም። በሌላ ሰው የተዘጋጀ የቅጽ አገልግሎት ድረ ገጹ ላይ የለጠፈ ሁሉ፣ የደንበኞቹ ቁጥር ወደ እሱ ብቻ ይሄዳል ወይስ ወደ ሌላም ብሎ ሠሪውን ቢጠይቅ ከጥርጣሬ አይቆጠርበትም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰውን መረጃ ለሚሰበስብ ሁሉ ኃላፊነት አምጥቷል።

ኔትወርክ ጨርሶ ሲጠፋስ? ከሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ሲቋረጥ የትኛውም ተላላኪ በየትኛውም በር አልወጣም። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን የተሞላውን በስልኩ ውስጥ አስቀምጦ፣ መስመሩ ሲመለስ የሚልክ ቅጽ መሥራት ይቻላል። ትንሽ ተጨማሪ ሥራ ነው። ነገር ግን ስልኩን ለሰው የሚያውስ ሰው የተቀመጠው መረጃ ለሌላ ዓይን እንዳይጋለጥ ሠሪው ሊያስብበት ይገባል።

ወደ ታኅሣሥ 30 ስንመለስ ዋናው ጥያቄ ሰዓቱ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚላክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና እንዲኖረው አድርጓል። እንግዲህ የፒያሳው ወርቅ ነጋዴ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፉን ቢጫንና ክርክር ቢነሣ የሚጠቅመው በገዛ ስልኩ ላይ ያየው አረንጓዴ ምልክት ሳይሆን ከሰርቨሩ የመጣው የማመልከቻ ቁጥር ከነሰዓቱ ነው። ቁጥሩ ካልመጣ ገጹን ዘግቶ ከመተኛት በፊት በሌላ መስመር ገብቶ ማመልከቻው በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ማየት ይኖርበታል። ለዚህ ደግሞ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በፊት የቀረው ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ኔትወርኩም ያው የታወቀው ነው።